ፀሐይ የመታው የዝሆን ጥርስ

ሰሌኑ ባዶ ነበር።

ካሉንዴ ግን መጀመሪያ ያየችው ሰሌኑን አልነበረም። እንስራዋን ተሸክማ ከውሃ ስትመለስ ዓይኗ ያረፈው ማንጎው ሥር በተደረደሩት የዝሆን ጥርሶች ላይ ነው። ፀሐይ እላያቸው ላይ ወጥታለች። የለበሱት እርጥብ ሣር ደርቆ ገለባ ሆኗል። ደንግጣ ሮጠች። እንስራዋን አዘንብላ ሣሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አራሰችው።

ከታቦራ እስከ ባጋሞዮ ወደብ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሕይወቷ ይኸው ነበር። የተሸካሚዎቹ ቅፍለት ባረፈ ቁጥር መጀመሪያ ጥርሱ ይጠጣል፤ ከዚያ ልጅ ይጠጣል። ፀሐይ የመታው ጥርስ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ጥርስ ያመጣ ተሸካሚ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል።

እንስራው ባዶ ሲሆን ነው ቀና ያለችው።

«ሚሌምቤ» አለች።

ሰሌኑ ላይ የልጅቷ የውሃ ቅል ተደፍቶ ቀርቷል። ሌላ ምንም የለም።

ባሏ ንጎሎ በጎጎ በረሃ በንዳድ ከሞተ አርባ ቀን አልሞላውም። ተሸክሞት የነበረውን ጥርስ ራሷ ተሸክማ ነው ባህሩ ድረስ የመጣችው። ከወለደቻቸው አራት ልጆች የቀረቻት ሚሌምቤ ብቻ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው።

የቅፍለቱ መሪ ሚሃምቦ ግንዱን ተደግፎ ተቀምጧል። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ባህር ሊያዩ ስለወረዱ፣ ካሉንዴ ልጇን አደራ ብላ የሄደችው ለእሱ ነው። የውሃው ወረፋ ረጅም ነበር። ሚሃምቦ እንደነገራት፣ ሸንኮራ የያዘ አንድ አስካሪ፣ አገሩን የያዙት ጀርመኖች ወታደር፣ መጥቶ ልጅቷን አነጋገራት። ተከትላው ወደ ጀርመኖቹ ምሽግ ሄደች። ትመለሳለች ብሎ ዝም አለ።

ካሉንዴ መጀመሪያ ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን አሮጌ ጉድጓድ አሰበች። ሮጣ ሄዳ በሆዷ ተኝታ አየችው። ታች ያለው ውሃ ዝም ብሏል። ድንጋይ ጣለችበት፤ ሌላም ጣለችበት። ከዚያ እባብ አሰበች። ከዚያ ባህሩን አሰበች፤ ልጅቷ ባህር አይታ አታውቅም፣ ጨው መሆኑን እንኳ አታምንም ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣባትን ሐሳብ ግን ገፋችው። ጀልባዎቹን።

ጀርመኖቹ ሰው መሸጥ ከከለከሉ ዓመታት ሆኗቸዋል። በእጅ ያለውን ባሪያ ግን ልቀቁ አላሉም። ስለዚህ በባጋሞዮ ሰው ገበያ ላይ አይሸጥም። ይጠፋል።

ወደ ምሽጉ ሮጠች።

በሩ ላይ ያገኘችው የአስካሪዎቹን አለቃ፣ ሻውሽ ሙርጃንን ነው። ረጅም፣ ጺሙ የሸበተ ሱዳናዊ ነው። በልጅነቱ ከሀገሩ በሰንሰለት እንደወጣ ይወራል፤ እሱ ግን ስለዚያ አውርቶ አያውቅም። የልጅቷን ዕድሜ ጠየቃት፤ የለበሰችውን ጠየቃት፤ ምልክቷን ጠየቃት። ካሉንዴ ልጅቷ የአባቷን ጨርቅ ግማሽ እንደለበሰች፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወልቆ አዲሱ ገና ብቅ እያለ መሆኑን ነገረችው። ስለ ጥርሷ ስትናገር በጣቷ የራሷን ጥርስ ነካች።

«ማን ነው ወሰዳት ያለሽ?»

«አስካሪ ነው ይላል መሪያችን። ሸንኮራ የያዘ።»

ሻውሹ ወደ ግቢው ዞሮ አሳያት። አስካሪዎቹ በሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ከዳሬሰላም የመጣ ሹም ሊጎበኛቸው ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ ማንም ከበሩ አልወጣም።

«እኔ ራሴ ሽንቴን ቋጥሬ ነው የቆምኩት» አላት። «መሪያችሁ የማንን አስካሪ ነው ያየው?»

ካሉንዴ ለሚሃምቦ ተከራከረች። ፀሐይ ዓይኑን አጥበርብሮት ይሆናል አለች። ባሏ ሲሞት መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው። የባሏን የእህል ድርሻ ለሌላ አልሰጠባትም። በመንገድ ላይ ሚሌምቤ እግሯ ሲቆስል ከጭነቱ በላይ በትከሻው የተሸከማት እሱ ነው።

ሻውሹ ወደ ባህሩ እያየ ነበር። አሁን ውሃው ሸሽቷል፤ ሦስት ባለሸራ ጀልባዎች አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ይመለሳል። ያን ጊዜ ጀልባዎቹ ይነሳሉ። አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሻውሹ ሰልፉን ለምክትሉ ትቶ ሁለት አስካሪዎች አስከተለ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቢ ዙሁራ ነው። ቢ ዙሁራ ወደ ባህሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ዓሣ የምትጠብስ ወፍራም ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ከእሷ ምጣድ አጠገብ ስለነበር ሰው ያማታል። ካሉንዴ ምጣዱን፣ ከኋላው ያለውን የጭቃ ጎጆ፣ የተዘጋውን በር አየች። በሩን በዓይኗ ልትከፍተው ሞከረች።

ሻውሹ በሩን እንድትከፍት አዘዛት። ቢ ዙሁራ ከፈተችው። ውስጡ የደረቀ ዓሣና አንድ የታመመ ሽማግሌ ባል ነው።

«አንተ ሻውሽ፣ እኔ ልጅ የምሰርቅ ብሆን ያንተን ነበር የምሰርቀው» አለች። «ቢያንስ ወፋፍሮች ናቸው።»

ሴትዮዋ የካሉንዴን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ማማሰያዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

አስካሪ አላየሁም አለች። ልጅም አላየሁም። ረፋዱ ላይ ያለፈው ማገዶ ሻጭ፣ ሁለት መነኮሳትና አንድ ጥርስ ተሸካሚ ብቻ ነው። ተሸካሚው ጥርሱን በሰሌን ጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ደንቡ ቃጭል አስሮ፣ እያቃጨለ ሰይፍ ወደሚባለው ነጋዴ መጋዘን ታጠፈ። ጥቅሉ ጋርዶባት ፊቱን አላየችም።

«አንድ ነገር ግን አስቆኝ ነበር» አለች። «እዚህ ቁጭ ብዬ ስንት ሺህ ጥርስ ሲያልፍ አይቻለሁ። መሃሉ የሚጎብጥ ጥርስ ግን አይቼ አላውቅም። እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ በሽተኛ በሁለት እጁ አቅፎ ነበር የያዘው።»

ካሉንዴ መሬት ተቀመጠች።

ልጇ ዝም ብላ ተጠቅልላ የምትሄደው ሞታ ከሆነ ብቻ ነው። ወይም የተሸከማትን ሰው ካመነችው።

ሻውሹ ከቅፍለቱ ጥርሶች አንዱ ጎድሎ እንደሆነ ጠየቃት። አልጎደለም አለች። ሃያ ሦስቱንም አሁን በእጄ ዳስሼ ነው ያጠጣኋቸው፤ ሣሩ ሁሉ ደርቆ፣ ፀሐዩ እላያቸው ላይ…

ብድግ አለች።

ሚሃምቦ በመንገድ ላይ ጥርስ ፀሐይ ላይ የተወ ሰው በዱላ ይመታ ነበር። ጥላው ጣት ያህል ሲሸሽ እሱ ጥርሱን ጣት ያህል ያስጠጋል። ሌሊት እየተነሳ ሣሩን ይነካካል። ሰው ሁሉ አብዷል ይለው ነበር። ዛሬ ግን ጥላው ከማንጎው በስተ ምዕራብ ተነስቶ ግንዱ ሥር እስኪገባ ድረስ ጥርሱን የነካው የለም።

«አባቴ» አለችው ሻውሹን፣ «ቶሎ እንሂድ።»

ሚሃምቦ ከተቀመጠበት አልተነሳም ነበር። ሻውሹ ከሁለት አስካሪዎች ጋር ከፊቱ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ከባህር ተመልሰው ዙሪያውን ከበቡ።

ከጠዋት ጀምሮ የት ነበርክ ተባለ። እዚሁ። ተነስተህ ነበር? አልተነሳሁም። ለሽንት እንኳ? ለሽንት እንኳ። ማን ይመሰክርልሃል ሲባል በአገጩ ወደ ጥርሶቹ አመለከተ።

«የሲዝያ አባት» አለችው ካሉንዴ።

ስሙ አምልጧት ነው። ልጁ ሲዝያ ባለፈው ዓመት እዚሁ ባህር ዳር በፈንጣጣ ሞተች ብሎ ካረዳቸው ወዲህ በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም። ሚሃምቦ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጥላው ሲሸሽ የት ነበርክ?» አለችው።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ገለጠ። የሚሃምቦ ጥርስ፣ ከሁሉም ትልቁ፣ ከሥሩ ወደ ላይ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ ጥርስ ምክንያት ስንቶቹ ተደብድበዋል።

«ልጄን የት አደረስካት?»

ሚሃምቦ ስንጥቁን አየ። ከዚያ ከሆዱ በሚወጣ ድምፅ «ሲዝያ አልሞተችም» አለ።

ባለፈው ዓመት የተሸከመው፣ የነጋዴው የሰይፍ ጥርስ በጉዞ ላይ ተሰነጠቀ። ሰይፍ በጥርሱ ምትክ ሲዝያን ያዘ፤ ሙሉ ጥርስ ስታመጣ ትወስዳታለህ አለው። ሚሃምቦ ለጀርመኖቹ አመለከተ። ሰይፍ ቤቴ የተወለደች ባሪያዬ ናት ብሎ ሦስት ሰው አስመሰከረ። ሚሃምቦ ምስክር አልነበረውም። አፍሮ ለወገኖቹ ሞተች አላቸው።

«ዘንድሮ ምንም ያልነካው ጥርስ ይዤ መጣሁ» አለ። «ትናንት ማታ ሄጄ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ልጅ በጥርስ አትለወጥም፣ ልጅ በልጅ ነው አለኝ። እሷን የምታህል አምጣና ያንተን ውሰድ አለኝ።»

«ሚሌምቤ አልጮኸችም?» አለች ካሉንዴ።

«ጨዋታ ነው አልኳት። አንቺ የዝሆን ጥርስ ነሽ፣ ጥርስ አይናገርም አልኳት።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳቀች።»

ካሉንዴ ልትመታው እጇን አነሳች። ለመምታት ግን ጊዜ አልነበራትም። ሻውሹ ልጅህን መቼ ልትረከብ ነው ብሎ እየጠየቀው ነበር። ነገ ጠዋት፣ ጀልባው ከሄደ በኋላ አለ ሚሃምቦ።

«ሞኝ» አለው ሻውሹ። «ባሪያ ወደ ውጭ የላከ ሰው ምስክር አይተውም። ሁለቱንም ነው የሚጭናቸው።»

ሚሃምቦ ያን ጊዜ ብቻ ተነሳ። አስካሪዎቹ ያዙት።

ባህር ዳር ሲደርሱ ውሃው ተመልሷል። ሁለቱ ጀልባዎች ገና ጎናቸውን ይዘዋል። ሦስተኛው ቀና ብሎ እየተወዛወዘ ነው፤ ሸራውን እየሰቀሉ ነበር። ካሉንዴ ዋና አታውቅም። ውሃው እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ ደረቷ ደረሰ። ጨው አፏ ውስጥ ገባ። ሰመጥኩ እያለች ገመድ ያዘች።

የጀልባው አዛዥ ከዓረብ አገር፣ የሱር ሰው ነው፤ ሻውሹ ሲወጣ እንኳን ደህና መጣህ አለው። የጉምሩክ ወረቀቱን አሳየ። የጥርሱን ጥቅል ፍታ ሲባል ፈታ። ጥርስ ነው። ሌላውንም ፈታ። ጥርስ ነው። ከእንጨቱ ክምር ሥር፣ ከውሃ በርሜሎቹ ኋላ ፈለጉ። ምንም የለም።

ከኋላ በኩል፣ ዳሱ ሥር፣ ሁለት ጥቁር የተከናነቡ አጫጭር ሴቶች ተቀምጠዋል።

«ሚስቶቼ ናቸው» አለ አዛዡ። «አንተም እስላም ነህ። የሰው ሚስት አትገልጥም።»

ሻውሽ ሙርጃን ቆመ። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ነፋሱ ሸራውን ሞላው፤ ጀልባው ከአሸዋው ለመላቀቅ አንድ ጊዜ ዘለለ።

ካሉንዴ ፊታቸውን ለማየት አልሞከረችም። ጎንበስ ብላ እግራቸውን አየች። የአንደኛዋ እግር ሂና የተቀባ ነው። የሌላኛዋ ተረከዝ ግን ተሰነጣጥቆ አቧራው ከውስጥ ደርቋል፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር የለውም። ሦስት ወር የሄደ እግር ነው። ያን ቁስል በየምሽቱ ያጠበችው እሷ ናት።

«ይቺ ሴትዮ ከታቦራ በእግሯ ነው ያገባችህ?» አለችው አዛዡን፤ ክንብንቡንም ገለጠችው።

ሚሌምቤ አፏ በጨርቅ ታስሯል። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ባለ ሂናዋ ልጅ እጇን አጥብቃ ይዛታለች፤ ካሉንዴ ልጇን ስታነሳ አብራ ተነሳች።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከዳሬሰላም የመጣው ሹም ፊት ቀረቡ። ሹሙ ለጉብኝት የለበሰውን ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ደክሞታል፤ ሻውሹ እያስተረጎመለት በችኮላ ጠየቀ። ሚሃምቦ አንገቱ በሰንሰለት ታስሯል። ሰይፍ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ሰላምታ እየሰጠ ገባ።

ሰይፍ ስለ አንደኛዋ ልጅ ምንም አላውቅም አለ። ይህ ሌባ ልጄ ናት፣ ከዘመዶቿ ጋር ትሂድልኝ ብሎ አመጣት፤ ባለማወቅ ተቀበልኩ። ሌላዋ ቤቴ የተወለደች ናት፤ ለአዛዡ ምግብ ይዛ ነው የሄደችው። ምስክሮች አሉኝ።

«ልጄ ናት» አለ ሚሃምቦ። «ሲዝያ ናት።»

ሹሙ አንገቱን ሳያነሳ አንድ ቃል ተናገረ። ሻውሹ ወደ ካሉንዴ ዘንበል ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት። የልጅ ሌባ ለራሱ ሲመሰክር አይሰማም። የተሰረቀች ልጅ ለተሰረቀችበት ሰው ትመለሳለች፤ የቤት ባሪያ ግን ለጌታዋ ትመለሳለች። ልጅሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ፤ አልቋል።

ካሉንዴ የሚሌምቤን እጅ ያዘች። መሄድ ነበረባት። በሩ ክፍት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ በቆየች ቁጥር አንድ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፣ አንድ ወረቀት ይወጣል፣ ልጇን መልሰው ይቀሟታል። ይህን ሁሉ አሰበች። ሲዝያ ግን የሚሌምቤን ሌላውን እጅ አልለቀቀችም፤ የሰይፍ ሰው ከክርኗ ሊይዛት እየመጣ ነው።

«ሁለቱም የእኔ ናቸው» አለች ካሉንዴ።

ሻውሽ ሙርጃን አያት። ሰይፍ ሳቀና ይህቺ ሴት ውሸታም ናት አለ። ሲዝያ አፏን ስትከፍት ካሉንዴ ፊቷን ሆዷ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።

ሻውሹ ወደ ሹሙ ዞረ። በጀርመንኛ ተናገረ፤ ቃሉ ረጅም አልነበረም። ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሁለቱን ልጆች አየ፤ አንዷን ከሌላዋ መለየት አልቻለም። ከዚያ በሰንሰለት ወደታሰረው ሚሃምቦ ዞሮ ጠየቀ።

«ስንት ልጅ ነው ከዚህች ሴት የሰረቅከው ይልሃል» አለ ሻውሹ። «አስበህ መልስ። የአንዷ ቅጣት ሦስት ዓመት በሰንሰለት ነው። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ይቆጠራል።»

ሚሃምቦ ካሉንዴን አያት። ከጠዋት ጀምሮ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

«ሁለት» አለ። «አንዷን ባለፈው ዓመት ሰረቅኩና ለእሱ ሰጠሁት። አንዷን ዛሬ። እናታቸው እሷ ናት።»

ሰይፍ መሳቁን አቆመ። ለመስረቁ የሚመሰክር ሌባ ግን ይሰማል። ሹሙ ብዕሩን ነክሮ ጻፈ፤ ስድስት ዓመት። ሰይፍና የጀልባው አዛዥም እንዲታሰሩ አዘዘ።

ካሉንዴ ሁለቱን ልጆች በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ሚሃምቦ በቆመበት በኩል ነው መንገዱ። ይቅር አላለችውም፤ ወደፊትም የምትለው አይመስላትም። ሲዝያ እግሯ ከበደ፤ አንገቷ ወደ ሰንሰለቱ ዞረ።

«ወደ ኋላ አትይ» አለቻት ካሉንዴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «እስከ በሩ ድረስ የእኔ ልጅ ነሽ።»

በሩን አለፉ። ዘብ የቆመውን አስካሪ አለፉ፤ የቢ ዙሁራን ምጣድ አለፉ። ካሉንዴ የሁለቱንም እጅ አልለቀቀችም።